ቀይ ነገር አይሰምጥም

ሰኞ ማታ

ነገ ሥራ እጀምራለሁ። ሸሚዜን ራሴ ተኮስኩት። እትዬ አየችውና «ተኩሰኸው ነው ወይስ ተኝተህበት?» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። ካውያውን እየገፋች «ምሁሩ ወንድሜ፣ ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው? ደንበኞቼ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?» አለችኝ። እትዬ ፀጉር ቤት አላት። እዚያ የማይወራ ነገር ስለሌለ መልሱን አሳምሬ መስጠት ነበረብኝ።

«የአምስተኛ ክፍል ልጆች ታብሌት ላይ ጀልባ ይሠራሉ፣ ጭነት ይጭናሉ፣ ይሰምጥባቸዋል፣ እንደገና ይሠራሉ። ነገር ለምን እንደሚንሳፈፍ ማንም አይነግራቸውም። ራሳቸው ይደርሱበታል። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ እንዴት እንደደረሱበት እመዘግባለሁ።»

«አንተ ታውቀዋለህ?»

«ምኑን?»

«ለምን እንደሚንሳፈፍ።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

ሳቅሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን በሙሉ የጻፍኩት ይህችኑ ጥያቄ ለመመለስ ነው። ዕውቀት ከጆግ ወደ ብርጭቆ የሚቀዳ ውሃ አይደለም። ልጁ ራሱ ጡብ በጡብ ይገነባዋል። ታብሌቱ ጡቡን ያቀብላል እንጂ አይገነባለትም። እትዬ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችና «በል ሸሚዝህን እንካ» አለችኝ።

ለእርሷ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ሥራው የአንድ ተርም ኮንትራት ነው። በተርሙ መጨረሻ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ክፍሉን ያያሉ። ከወደዱት ፕሮጀክቱ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ይሰፋል፣ እኔም ቋሚ ተመራማሪ እሆናለሁ። ካልወደዱት የኔም ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ለእትዬ ያልኳት «ተቀጠርኩ» ብቻ ነው፤ እርሷም ለሰፈሩ ሁሉ «ወንድሜ ተቀጠረ» ብላለች። ባሏ እኔ የምተኛበትን ሶፋ እያየ በረጅሙ መተንፈስ አብዝቷል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሶፋው የርሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

የዶክተሯ ሕግ። አትመልስ። አታርም። አታድንቅ። ፊትህም አይናገር። ልጁ ከራሱ አስቦ ሲናገር ብቻ የምልከታ ቅጹ ላይ ጻፍ። ሌላውን እለፈው።

(ፕሮጀክቱ የርሷ ነው። «አንቺ በለኝ» ትላለች፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን እደፍራለሁ።)

ፊቴን በመጸዳጃ ቤቱ መስታወት ተለማመድኩ። ድንጋይ። አንድ መምህር ገባና «አመመህ እንዴ ወንድም?» አለኝ። ተሳክቶልኛል ማለት ነው።

ማክሰኞ ማታ

ከየት ልጀምር!

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የቻርጀሮቹ ገመድ ወለሉ ላይ እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ሁሉም ወደ አንድ ሶኬት ይሄዳል። እኔ ጥግ ላይ በልጅ ወንበር ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። የክፍሉ መምህርት፣ ሁሉም «ቲቸር» የሚሏቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት ናቸው። ልጆቹ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ አይነግሯቸውም። (ይህም በራስ መድረስ ነው!)

መጀመሪያ ላይ ጫጫታ ብቻ ነበር። አንዱ ጀልባ ላይ ዝሆን ጭኖ «ቲቸር፣ ዝሆኔ ሞተ» ይላል። ከዚያ ፀጉሯን በሁለት የተጎነጎነች፣ እጇን ሳታወጣ የምትናገር ልጅ ተነሳች። ጓደኞቿ ጠበቃዋ ይሏታል።

«የሰመጠው ስለከበደ አይደለም» አለች። «ይሄኛው ይበልጥ ይከብዳል፣ ግን አልሰመጠም። ሰፊ ስለሆነ ነው። ሰፊ ሲሆን ብዙ ውሃ ይገፋል።»

ማንም አልነገራትም! ማንም! ወዲያው ቅጹ ላይ ጻፍኩት። ቀና ስል ክፍሉ በሙሉ ፀጥ ብሎ ወደኔ ያያል። አቤት የዕውቀት ጉልበት፣ ሕፃናትን እንኳ ፀጥ ያሰኛል።

ስንወጣ ቲቸር «ልጄ፣ እዚያ ማዶ ድንጋይ መስለህ ስትቀመጥ ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል። ቢያንስ እህህ ብለህ ሳል እንጂ» አሉኝ። ሥነ ዘዴውን ላስረዳቸው ሞከርኩ። «አይ፣ መሳል ብቻ ይበቃል» አሉኝ።

ሐሙስ

ቅጽል ስም አወጡልኝ። ጋሼ እስክሪብቶ። ግቢ ውስጥ ሳልፍ «ጋሼ እስክሪብቶ መጣ! ጋሼ እስክሪብቶ መጣ!» ብለው እየሮጡ ክፍል ገቡ። ደስ ሲል። ልጅ የማይወደውን ሰው ስም አያወጣለትም።

ዓርብ፣ እየተቻኮልኩ

መጥፎ ቀን። እስክሪብቶዬ መሐል ላይ ቀለም ጨረሰ። ቦርሳዬን ብፈትሽ ሌላ የለም። ልጆቹም ዛሬ ተዘበራርቀውብኛል፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ወዲያው ያፈርሳል፣ ሦስተኛው ሌላ ያመጣል፣ ሁሉም ይንሾካሾካሉ። አየሩ ይሆን? በመጨረሻ ጠበቃዋ ወንበሯን ትታ መጣችና የራሷን እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ።

«ጻፍ እንጂ ጋሼ» አለችኝ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

እንዴት ያለች ደግ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተስተካከለ።

ረቡዕ ማታ

ሳምንቱ ሙሉ እንደ ጉድ ነው። ቅጹ ሞልቶ ጀርባው ላይ እየጻፍኩ ነው። ልጆቹ «እኔ በራሴ እንደደረስኩበት» ብለው መጀመር ለምደዋል፤ ይህን ሐረግ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ቅጹ ራስጌ ላይ ያለ ሐረግ ነው። ምናልባት አንዱ አጮልቆ አይቶ ይሆናል። ምንም አይደል፣ ቃሉን ቢያገኙትም ሐሳቡ የራሳቸው ነው።

ዶክተሯ ቅጾቹን ስትገልጥ ዓይኗ በራ። ኮሪደር ላይ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ልጁ እጁ ጥሩ ነው። እርሱ ባለበት ክፍሉ ሌላ ነው።» ቆሜ ማዳመጤ አሳፈረኝ፤ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

ማታ ፀጉር ቤቱን ለመዝጋት እትዬን ላግዛት ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ ፀጉር ማድረቂያው ካስኮ ውስጥ ተቀምጣ ትጮሃለች። ካስኮው ስለሚጮህ ሁሉም ሰው የሚጮህ ይመስላቸዋል። ስትጨርስ እትዬ መስታወቱን ያዘችላት። «አማረብኝ?» «አማረብሽ።» ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ እትዬ ሳቀች። «ታውቃለህ፣ ምሁሩ፣ አንዷም መስታወት ውስጥ ፀጉሯን አታይም። የኔን ፊት ነው የምታየው። ትንሽ ካኮረፍኩ አለቀልኝ፣ እንደገና ፍቺው ትላለች።»

እኔ የራሴን የምሥራች ልነግራት ቸኩዬ ስለነበር በደንብ አልሰማኋትም።

ሰኞ፣ አልጋ (ማለትም ሶፋ) ላይ

ጉንፋን ጣለኝ። ድምፄ ጠፋ። ዶክተሯ «አትምጣ፣ ካሜራ እተክላለሁ፣ ካሜራ አያስነጥስም» አለች። ጥሩ ነው። ልጆቹ ግን እንዴት ይሆኑ?

ረቡዕ

ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ቀረጻውን አየሁ። ምን እንዳየሁ አላውቅም።

ምንም የለም። ጀልባቸው ላይ ጢም ይሥላሉ። አንዱ ታብሌቱን እንደ መሪ ይዞ በክፍሉ መኪና ይነዳል። ቲቸር ሁለት ጊዜ «ለምን ተንሳፈፈ?» ብለው ጠየቁ፤ ልጆቹ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ቀረጻው መጀመሪያ ላይ አንድ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ እስክሪብቶ አይመጣም?»

«አይመጣም፣ ታሟል።»

«እንግዲያውስ እንጫወት!»

ናፍቀውኛል ማለት ነው? አዝነው ይሆን? ለዶክተሯ አሳየኋት። ቀረጻውን ዘጋችና «የካሜራው ድምፅ ጥራት የለውም። ይህን ቀን እናወጣዋለን» አለች። ድምፁ ግን ጥሩ ነበር። አንዱ ልጅ አፍንጫውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማል።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ የሆነውን ቀስ ብዬ ልጻፈው፣ ምናልባት ይገባኝ ይሆናል።

ቲቸር ሳይነግሩን ሳፋ ሙሉ ውሃና የሸክላ ጭቃ ይዘው መጡ። «ይሄ መስታወት ላይ ጣት መጎተት ሰልችቶኛል፤ እስቲ በእውነተኛ ውሃ አሳዩኝ» አሉ። ለያንዳንዱ ልጅ ድቡልቡል ጭቃ ሰጡና «አንሳፍፉት» አሉ።

ደስ አለኝ። ጠበቃዋ ብቻ አይደለችም፤ ግማሹ ክፍል «ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይገፋል» ብሎ በኔው እጅ ተመዝግቧል። ጭቃውን ጠፍጥፈው፣ ጠርዝ አውጥተውለት፣ እንደ ሳህን ሊያደርጉት ነው።

ጠበቃዋ ድቡልቡሉን እንዳለ ከተተችው። ቦጭ አለና ወረደ። ሁለተኛው ልጅም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀስ አድርጎ ከተተው፤ ቀስ ብሎ ሰመጠ። ሁሉም ወረደ። አንዱም አልጠፈጠፈውም። ከዚያ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፊቴን አልነበረም። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቅጹን አስደግፌ የምጽፍበት ደብተሬ ጋ።

ቲቸር ጭቃውን ከሳፋው እያወጡ «ከባድ ነገር ይሰምጣል፣ ቀላል ይንሳፈፋል፣ አለቀ። ይህን ለማወቅ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም» አሉ።

«መርከብስ፣ ቲቸር? መርከብ እኮ ብረት ነው» አልኳቸው፣ ሕጉን ጥሼ።

«መርከብማ ሞተር አለው» አሉኝ በእርግጠኝነት።

እንግዲህ እርሳቸውም አያውቁትም። ልጆቹ ግን ያውቁት ነበር። አውቀውት ነበር፣ እኔ ጽፌዋለሁ። ታብሌት ላይ የገባው ነገር ወደ እጅ አልወረደም ይሆን? ለዚህ የሚሆን ንድፈ ሐሳብ አለ፤ ዕውቀት ከተገኘበት ቦታ ለመውጣት እግሩ አጭር ነው የሚል። ነገ አነበዋለሁ።

ለምን ግን ደብተሬን ያያሉ?

ሰኞ

አንድ ነገር ሞከርኩ። ተራ ሙከራ ነው፤ ለዶክተሯ የሚነገር አይደለም።

ዝሆኑን የገደለው ልጅ እንዲያው በጨዋታ «ቀይ ጀልባ አይሰምጥም!» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አልፈው ነበር። ዛሬ ጻፍኩት። በርግጥ ምንም አልጻፍኩም፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አመላለስኩት እንጂ።

ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ማክሰኞ

ጠበቃዋ «ቅርጹ ሲሰፋ» አለች። እጄን አላንቀሳቀስኩም። ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ። ከዚያ ቀስ ብላ «…ደግሞ ቀይ ከሆነ» አለች።

እጄ ተነሳ። ወይኔ።

ሐሙስ ማታ

ክፍሉ በሙሉ ቀይ ሆነ። ሰማያዊ ጀልባ የሚሠራ የለም። ጠበቃዋ ዛሬ ቆማ ለክፍሉ ያቀረበችውን የመሰለ መከራከሪያ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ እንኳ አልሰማሁም።

«ቀይ እንደ እሳት ነው። እሳት ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ወደ ታች የሚሄድ እሳት የለም። ስለዚህ ቀይ ነገር ወደ ላይ መሄድ ይፈልጋል። ማስረጃ አለን፣ ታብሌቱ ላይ ከቀዮቹ አንዱም አልሰመጠም።»

አልሰመጡም፣ እውነቷን ነው። ቀዮቹ ላይ ትንሽ ጭነት ነው የሚጭኑት። ሆን ብለው ይመስለኛል፣ ወይም ሳያስቡት። «እኔ በራሴ እንደደረስኩበት» እያሉ ያወራሉ።

ግራ ገባኝ። ልናሳካ የፈለግነው ይህንኑ አልነበረም? አዩ፣ ገመቱ፣ ሞከሩ፣ አረሙ፣ ከጓደኛ ጋር ተከራከሩ፣ ሕግ አወጡ። ማንም ሳይነግራቸው በራሳቸው ዕውቀት ገነቡ። የገነቡት ስለ ውሃ አይደለም እንጂ። ስለ እኔ ቀኝ እጅ ነው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ? ያቺ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገርስ የራሷ አልነበረችም? የራሷ ነበረች ብዬ አምናለሁ። ቀና ስል ግን ሁሉም እያዩኝ ነበር። ምናልባት አንዲቷን ብቻ በእውነት አስባለች፣ ሌላውን እኔ ነኝ በእስክሪብቶዬ ያስባልኳት። ምናልባት ዘሩን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ምናልባት እያጋነንኩ ነው። እንቅልፍ የለኝም።

ዓርብ

ዛሬ ከቀይ ልመልሳቸው አስቤ ነበር። እንዴት? ስለ ቅርጽ ሲናገሩ በመጻፍ? ያ ደግሞ ያው ነው!

ምንም ሳልጽፍ ወጣሁ። አንዷ ልጅ አለቀሰች።

ሰኞ ማታ

ለዶክተሯ ነገርኳት። ቢሮዋ ውስጥ በርሜል የሚያህል የወረቀት ክምር ጀርባ ተቀምጣ አዳመጠችኝ፣ ሳታቋርጠኝ፤ ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«ተመልካች የሌለበት ምልከታ የለም» አለች በመጨረሻ። «ሁላችንም የምናየውን ነገር እንነካለን። ውስንነቶች በሚለው ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር እናስገባለን።»

«ዶክተር፣ እርስዎ ቢያዩዋቸው… ቀይ ነገር አይሰምጥም ይላሉ እኮ።»

«እንግዶቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ይህን ፕሮጀክት ለማስፈቀድ ስንት በር እንዳንኳኳሁ፣ ስንቱ ደጅ ላይ እንደቆምኩ ታውቃለህ? እነዚህ ታብሌቶች ከተሰበሰቡ እነዚያ ልጆች ተመልሰው ከሰሌዳ መገልበጥ ነው። እርሱ ይሻላቸዋል?»

«አይሻላቸውም።»

«አየህ።» ወደ በሩ ሸኘችኝና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «በዚያ ቀን ያው ወንበርህ ላይ ተቀመጥ። እስክሪብቶህን ይዘህ ና።»

ደረጃውን ወርጄ እስክጨርስ ድረስ አልገባኝም። ገብቷታል። የእጄ ነገር ከኔ ቀድሞ ገብቷታል፤ ቀረጻውን ያየች ቀን ይመስለኛል። ግን ክፉ አይደለችም። ስለ ልጆቹ ያለችው እውነት ነው። እውነት ነው አይደል?

«እሺ» ብያታለሁ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ዝሆን ገዳዩ ቤቱ የእናቱን ቀይ ሞባይል ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ከተተው።

እናትዬው ሞባይሉን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ትምህርት ቤት መጣች። ቲቸር ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር እየፈለጉ «ማነው እንዲህ ያለህ?» ብለው ልጁን ያፋጥጡታል።

«ማንም አላለኝም» አለ ልጁ ደረቱን ነፍቶ። «በራሴ ደረስኩበት።»

እናትዬው ሳቋ መጣ፣ ግን ዋጠችው። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁት። ገብቼ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ለመግባት እግሬን አንስቼ ነበር፣ ከዚያ ዶክተሯ ታወሰችኝ፣ እንግዶቹ ታወሱኝ፣ ሶፋው ታወሰኝ። ወደ ኋላ ዞርኩ። ይህን እዚህ ስጽፈው እንኳ ያሳፍራል።

ሰኞ፣ ጠዋት፣ ሊነጋጋ ሲል

ዛሬ ነው። እቅዴ ይህ ነው። ስለ ቅርጽ ሲናገሩ እጽፋለሁ፣ ስለ ቀለም ሲናገሩ አልጽፍም። እንግዶቹ ትክክለኛውን መልስ ይሰማሉ፣ ልጆቹም ወደ እውነቱ ይመለሳሉ፣ ፕሮጀክቱ ይተርፋል፣ እኔም። ማንም አይጎዳም። ማንም የሚጎዳበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ በዚህ ሰዓት ምን አስነሳኝ?

እትዬ ሸሚዜን ሳልጠይቃት ተኩሳዋለች።

ሰኞ ማታ

ኮት የለበሱ ሰዎች ከኋላ በልጅ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ጉልበታቸው እንደኔ አገጫቸው ሥር ደረሰ። ዶክተሯ አጠገባቸው ቆማለች። እኔ ጥጌ ላይ ነኝ፣ ቅጹ ጭኔ ላይ፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ።

አንዷ እንግዳ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። ጎንበስ ብላ «እስቲ ልጆች፣ አንድ ነገር ውሃ ላይ ለምን ይንሳፈፋል?» አለች።

ጠበቃዋ ተነሳች። «እኔ በራሴ እንደደረስኩበት፣ ቅርጹ…» አለችና አቋረጠች። ዓይኗ እጄ ላይ ነው። የሁሉም ዓይን እጄ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነበር። ሳይንሱ ትክክል ነበር!

እስክሪብቶውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ጀግንነት ነው ብዬ እንዳልጽፍ እጄ በላብ ርሶ ነበር፤ ራሱ ሊሾልክ ምንም አልቀረውም። ምናልባት ዓይኗ ነው። ልጅ የምታስብ መስላ እንዲህ ስትጠብቅ ማየት አልቻልኩም።

አንዱ እንግዳ ሳል አመለጠው፤ ሁለት ልጆች ዞረው እርሱን አዩት።

«ጋሼ» አለች ጠበቃዋ፣ ክፍሉ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ዛሬ የትኛውን ነው?»

እንግዶቹ ሳቁ። ደግ ፊት ያላት ሴት ግን አልሳቀችም። «የትኛውን ማለት?» ብላ ወደኔ ዞረች። ተነሳሁና ነገርኳት። ምን ምን እንዳልኩ በቅደም ተከተል አላስታውሰውም፤ ቀይ አልኩ፣ እጄ አልኩ፣ ሞባይል አልኩ። «ልጆቹ ጎበዞች ናቸው» አልኩ፤ ይህን ደጋግሜዋለሁ መሰለኝ። ዶክተሯ የጫማዋን ጫፍ ታይ ነበር። ቲቸር በዚያ ሁሉ መሐል «እኔ ልጁን ሞባይሉን ክተት ያለው ማን እንደሆነ ስጠይቅ የት ነበርክ?» አሉኝ።

ሐሙስ

ዶክተሯ ደወለች። ድምፅዋ የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፣ የደከመ ሰው ድምፅ እንጂ። እንግዶቹ «በሌላ ጊዜ እናየዋለን» ብለው ሄደዋል። ታብሌቶቹ ይሰበሰባሉ። ኮንትራቴ በተርሙ መጨረሻ ያበቃል። «ያልከው ትክክል ነው» አለችኝ፣ «ጊዜውን ግን አታውቅበትም።» ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ፣ ለምኑ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝና «እሺ ዶክተር» አልኩ።

ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ከኮንትራቱ ጀምሮ። የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹን በመጠን እየለየች ሰማችኝ። «ደደብ» አለች። ቀጥላም «አሁን ደንበኞቼን ምን ልበላቸው?» አለች። ባሏ ከሳሎን ሆኖ «ሶፋው የትም አይሄድም በይው» ሲል ሰማሁ። እንዲህ ያለ ቃል ከርሱ አልጠበቅሁም፤ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ።

ልክ ሠርቻለሁ? ልጆቹ ታብሌት አጡ፣ ዶክተሯ ፕሮጀክቷን አጣች፣ እኔ ሥራ አጣሁ። ቀይ ነገር ግን አሁንም አይሰምጥም።

ዓርብ፣ የተርሙ መጨረሻ

ትናንት ቲቸር ደወሉ። «ልጆቼን ቀይ አስይዘህብኝ ልትሄድ ነው? መጥተህ አስለቅቅ!»

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ሳፋው አለ፣ ጭቃው አለ፣ ግማሹን ቲቸር ቀይ ቀለም ቀብተውታል። ታብሌት የለም። ባዶ እጄን አሳየኋቸው፤ እስክሪብቶ የለም፣ ደብተር የለም። «የማውቀውን አልነግራችሁም፣ የምጽፈውም የለኝም» አልኳቸው። እሺ አሉ። ከዚያ ፊቴን ማየት ጀመሩ። ፊቴን ድንጋይ አደረግሁት።

«ቅንድቡን አነሳ!» ብሎ ዝሆን ገዳዩ ጮኸ፣ ሦስት ልጆችም ጭቃቸውን ቀየሩ።

ምን ይደረጋል? ዞሬ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አደረግሁ። ቲቸርንም «እርስዎም ይዙሩ» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አሉ፣ ግን ዞሩ። እንደ ተቀጣ ተማሪ ጎን ለጎን ቆመን ጥቁሩን ሰሌዳ እናያለን። ከኋላችን ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከዚያ ቦጭ። ሌላ ቦጭ።

«ቀዩም ሰመጠ!»

«አልሰመጠም፣ ይኸው!»

«ስለያዝከው ነዋ! ልቀቀው እስቲ!»

ቦጭ።

ቲቸር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከባድ ስለሆነ ነው አይደል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እኔን አይጠይቁኝ፣ ቲቸር።»

«ኤዲያ!»

ከኋላችን ክርክሩ ጦፈ። የጠበቃዋ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ሌላ ልጅ ይቆጣታል፣ እርሷም መልስ ታጣለች። መልስ ስታጣ ሰምቻት አላውቅም። «ጠርዙን ከፍ አድርገው» ይላል አንድ ድምፅ። «አይ፣ እንደሱ አይደለም፣ ስጠኝ።» ውሃ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ከዚያ ድንገት ሁሉም ዝም አሉ። ምን እንደሆነ አላየሁም። ጭቃው ተንሳፍፎ ይሁን ወይም ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ይሁን ከፀጥታው መለየት አይቻልም። አንገቴ ራሱ ሊዞር ይታገለኛል።

«ምን ሆነ?» አልኩ ለሰሌዳው።

ሰሌዳውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁ።

«ልጆች፣ ምን ሆነ?»

«ቆይ እስቲ ጋሼ» አለች ጠበቃዋ በንዴት። «አትረብሸን።»